የብሩሽ ጫፍ ነገር

ዛሬ የምናወጋው ስለ ብሩሽ ነው። ግድግዳ ስለሚቀባው ሰፊ ብሩሽ አይደለም፤ የአበባ ቅጠል ስለሚያወጣው፣ የፊደል ጭራ ስለሚስበው፣ ረከቦት ጠርዝ ላይ ሐረግ ስለሚጥለው ስለ ቀጭኑ ብሩሽ ነው።

ሥዕል ጀምረው የተዉ ሰዎችን ምክንያታቸውን ስጠይቅ አብዛኞቹ የሚሰጡኝ መልስ ተመሳሳይ ነው። «እጄ አይታዘዝልኝም» ይላሉ። «መስመር ስስብ ይወላገድብኛል፤ የቅጠሉ ጫፍ ይድበሰበስብኛል።» ይዘውት የነበረውን ብሩሽ አሳዩኝ ስላቸው ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ፀጉሩ ለሁለት ተከፍሏል፣ ሥሩ ላይ ቀለም ደርቆበታል፣ ሁለት ሦስት ፀጉር ከመንጋው ወጥቶ ወደ ጎን ቆሟል። በዚህ ብሩሽ ማንም ቢሆን የጠራ መስመር አይስብም።

«ለጀማሪ ርካሹ ይበቃዋል፤ ሲለምድ ጥሩውን ይገዛል» የሚባል ነገር አለ። በዚህ አልስማማም፤ ብዙ ሰው ከሥዕል ያራቀ ምክር ይመስለኛል። የለመደ ሰዓሊ መጥፎ ብሩሽ ቢሰጡት እንኳ እያዞረ፣ እያባበለ የሚፈልገውን ያወጣበታል። የብሩሹን ጥፋት ያውቀዋልና። ጀማሪው ግን ጥፋቱ የእጁ ይሁን የመሣሪያው መለየት አይችልም። ስለዚህ እጁን ይወቅሳል፤ ቆይቶም ተሰጥኦ የለኝም ብሎ ይደመድማል። ጥሩ ብሩሽ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

ታዲያ ጥሩ ብሩሽ ምን ዓይነት ነው? ብሩሽ ማለት ፀጉሩ፣ ፀጉሩን የሚያቅፈው የብረት ቱቦና እጀታው ነው። ክብ የሆነ ጥሩ ብሩሽ ውሃ ሲነካው መሐሉ ላይ ሞላ ያለ ሆድ ያወጣል፤ ጫፉ ግን አንዲት ፀጉር እስኪመስል ይሾላል። ቀለሙን የሚይዘው ሆዱ ነው፤ ቀለሙ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ጫፉ ነው። ሆድ ኖሮት ጫፍ የሌለው ብሩሽ ያበላሻል፤ ጫፍ ኖሮት ሆድ የሌለው ደግሞ መስመሩን ሳይጨርስ ይደርቃል።

የእንስሳ ፀጉር ይህን ጠባይ ከተፈጥሮው ይዞት ይመጣል። እያንዳንዷ ፀጉር መሐሏ ላይ ወፈር ብላ ወደ ጫፏ ትቀጥናለች፤ ገላዋ ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ቅርፊቶች አሏት፤ ፈሳሹን አቅፈው የሚያቆዩት እነሱ ናቸው። ብሩሽ ሠሪው ፀጉሩን ሲያስር የተፈጥሮ ጫፉን ወደ ውጭ አድርጎ ነው። ቁመቱን ማስተካከል ሲፈልግም በሥሩ በኩል ያስተካክላል እንጂ በጫፉ በኩል መቀስ አያስገባም። ቤታችሁ ውስጥ ፀጉሩ የተበተነ ብሩሽ ካለ ጫፉን ከርክማችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ የምለው ለዚህ ነው። የተቆረጠ ፀጉር ዱሽ ይሆናል፤ ዳግመኛ አይሾልም።

ለደቃቅ ሥራ በዓለም ስሙ የገነነው ፀጉር ኮሊንስኪ የሚባለው ነው። የሚገኘው በሳይቤሪያና በአካባቢው ቀዝቃዛ አገሮች ከምትኖር፣ ሸለምጥማጥን ከምታስታውስ ቀጠን ያለች ሥጋ በል አውሬ ጅራት ነው። ምርጡ በበረዶው ወራት የሚበቅለው ነው ይባላል። ይህ ፀጉር ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ተጭነው ሲለቁትም ወዲያው ተመልሶ ቀጥ ይላል። ሁለቱን ጠባይ እንዲህ አጣምሮ የያዘ ፀጉር ማግኘት ከባድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1866 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዊንሰር ኤንድ ኒውተን የተባለውን የቀለም ድርጅት ከሁሉ የላቀ የውሃ ቀለም ብሩሽ እንዲሠራላቸው አዘዙ። ንግሥቲቱ የሚወዱት መጠን 7 ቁጥር ስለነበር ብሩሹ ሲሪስ 7 ተባለ። ዛሬም ሎስቶፍት በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ከኮሊንስኪ ፀጉር በእጅ ይሠራል።

ግን ኮሊንስኪ ካልያዛችሁ ሰዓሊ አትሆኑም እያልኩ አይደለም። አንደኛ፣ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ሁለተኛ፣ ፀጉሩ ከዱር እንስሳ የሚመጣ በመሆኑ አቅርቦቱ አስተማማኝ አይደለም። ህንድ አውሬዋን ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው ስምምነት አስመዝግባታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የእነዚህ ብሩሾች ጭነት ድንበር ላይ እየተያዘ የሱቅ መደርደሪያዎች ባዶ ቀርተው ነበር። ሦስተኛውና ለእኛ ዋነኛው ምክንያት፣ ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚሠራው በአክሪሊክ ቀለም መሆኑ ነው። አክሪሊክ ሲደርቅ ፕላስቲክ ይሆናል፤ በፀጉሩ ቅርፊቶች መሐል ከገባና ከደረቀ አይወጣም። በአክሪሊክ ለሚሠራ ሰው ትክክለኛው ብሩሽ ሰው ሠራሹ ነው።

የሰው ሠራሹ ፀጉር ታሪክ ከጥርስ ብሩሽ ይጀምራል። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ናይለንን ሲፈጥር፣ እ.ኤ.አ. በ1938 መጀመሪያ ለገበያ የወጣው የናይለን ዕቃ የጥርስ ብሩሽ ነበር። ለብዙ ዘመን ለጥርስ ብሩሽ የሚውለው የአሳማ ፀጉር ነበር። ዛሬ ለሥዕል የሚሠሩት ናይለንና ፖሊስተር ፀጉሮች ጫፋቸው እንዲቀጥን ተደርገው ይመረታሉ፤ ጥሩዎቹ በእውነት ጥሩ ናቸው። ጉድለታቸው ከእንስሳ ፀጉር ያነሰ ቀለም መያዛቸውና ከጊዜ በኋላ ጫፋቸው እንደ መንጠቆ መቆልመሙ ነው።

ስለ ሌሎቹ ፀጉሮች ባጭሩ ልለፍ። የሽኮኮ ፀጉር እጅግ ለስላሳ ነው፤ ውሃ በደንብ ይይዛል፣ ተመልሶ የመቆም ጉልበት ግን የለውም። የግመል ፀጉር ተብሎ የሚሸጠው ብሩሽ ከግመል የመጣ አይደለም፤ የሽኮኮ፣ የፍየል፣ የበሬ ወይም የፈረስ ፀጉር ነው፤ ስሙን አምናችሁ አትግዙ። ነጣ ያለውና ጠንከር ያለው የዘይት ቀለም ብሩሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ፀጉር ነው። በእምነቱ ምክንያት ይህን መንካት የማይሻ ሰው፣ በተለይም ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ የሚሠራ ሰው፣ ሻጩን ይጠይቅ፤ ጠንከር ያለ ሰው ሠራሽ ብሩሽ በቦታው ይተካለታል።

አሁን ሱቅ እንግባ። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በአንድ ፕላስቲክ የታሸጉ አሥራ ሁለት ብሩሾች በርካሽ ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ከእጅ አይሻል ዶማ ናቸው። በዚያው ገንዘብ ሦስት ብቻ ግዙ፦ አንድ ክብ ብሩሽ 4 ወይም 6 ቁጥር፣ አንድ ፀጉሩ ረዘም ያለ ላይነር 1 ቁጥር፣ አንድ ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ። ለአበባ፣ ለሐረግ፣ ለፊደልና ለጠርዝ ሥራ እነዚህ ይበቃሉ። ቁጥሩን ግን እንደ ሕግ አትያዙት፤ የአንዱ ድርጅት 4 ቁጥር የሌላውን 2 ሊያህል ይችላል። ዓይናችሁን እመኑ።

ደረቅ ብሩሽ አይፈተንም። አዲስ ብሩሽ ጫፉ እንዳይበላሽ ስታርች ወይም ሙጫ ተቀብቶ ስለሚመጣ ሁሉም የሾለ ይመስላል። ባለ ሱቁን ትንሽ ውሃ በብርጭቆ ለምኑት። ብሩሹን ንከሩት፣ ሙጫው እስኪለቅ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አሹት፣ አንዴ ጠበቅ አድርጋችሁ አራግፉት። ጥሩ ከሆነ ማንም ሳይነካው በራሱ ይሾላል። ከዚያ አውራ ጣታችሁ ላይ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ተመልሶ መቆም አለበት። የብረት ቱቦውንም ያዝ አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተወዛወዘ መልሱት። ባለ ሱቁ ብሩሽ ማርጠብ ካልፈቀደ ወደሚቀጥለው ሱቅ መሄድ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ደቃቅ ነገር ለመሣል ደቃቅ ብሩሽ ይፈልጋል። ሦስት ዜሮ፣ አሥር ዜሮ የተጻፈባቸውን፣ ፀጉራቸው በጣት የሚቆጠር የሚመስሉትን ይገዛል። እነዚህ ሆድ የላቸውም። የያዙት ጥቂት ቀለም ከቀለም ገበታው እስከ ሸራው ባለው መንገድ ላይ ይደርቃል፤ የአዲስ አበባ ደረቅ አየር ደግሞ ይብስበታል። ሠዓሊው ቀለሙ አልወርድ ሲለው ይጫናል፤ ሲጫን መስመሩ ይወፍራል። ጫፉ በደንብ የሾለ 4 ቁጥር ክብ ብሩሽ የዓይን ሽፋሽፍት ይሥላል፤ ከጀርባው የሚመግበው ሆድ አለውና። ትልቁን ግዙ፤ ጫፉን ብቻ ተጠቀሙ።

ለረጅም መስመር ደግሞ ላይነሩ አለ። ፀጉሩ ረጅም በመሆኑ የእጅን ትንንሽ መንቀጥቀጥ ይውጣል፤ መስመሩ ላይ አያሳየውም። ቀለሙን ቀጠን አድርጋችሁ፣ እንደ ቀለም ቀንድ ቀለም እስኪፈስ ድረስ፣ አዘጋጁት። ፀጉሩን ሙሉ በሙሉ አስጠጡት፣ ከገበታው ላይ እያንከባለላችሁ አሹሉት። ከዚያ ብሩሹን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ትንሿን ጣት እንደ ምሰሶ ሥራው ላይ አሳርፉ፣ ክንዳችሁን ከትከሻ አንቀሳቅሱ። ግፊት የለም፤ ሁልጊዜ መጎተት ነው። የሮልስ ሮይስ መኪና ጎን ላይ የምታዩት ያ ቀጭን መስመር ዛሬም በማሽን አይሠራም፤ ማርክ ኮርት የሚባለው ባለሙያ እንግሊዝ አገር በሚገኘው ፋብሪካ ውስጥ በለስላሳ የእንስሳ ፀጉር ብሩሽ በእጁ ይስበዋል። ይህ ሰው ወደ መኪና ሥራ ከመግባቱ በፊት የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ነበር። ይህን ስሰማ የኛን የታፔላ ጸሐፊዎች አሰብኩ። ቆርቆሮ ላይ ሳይነድፉ፣ ቆመው፣ በአንድ ትንፋሽ «ምግብ ቤት» ብለው የሚጽፉትን እጆች። ያ እውቀት በኮምፒዩተር ኅትመት እየተዋጠ ነው፤ አሁንም የሚሠሩ ካሉ ልጆቻችን አጠገባቸው ቆመው ቢያዩ ደስ ይለኛል።

አበባና ቅጠል የሚሠራበት የብሩሽ አጣጣል ሌላ ነው። ብሩሹን አስጠጥታችሁ ጫን ታደርጉና ፀጉሩ ሲንጣለል ወደ ራሳችሁ እየጎተታችሁ ቀስ በቀስ ታነሡታላችሁ። ሥራው ላይ የሚቀረው ራሱ የወፈረ፣ ጭራው የቀጠነ ጠብታ ነው። አምስት ጠብታ ጭራቸው ወደ አንድ ነጥብ ሲገናኝ አበባ ነው፤ ግራና ቀኝ ሲደረደር ቅርንጫፍ ነው። ከሞስኮ አቅራቢያ ያለችው የዦስቶቮ መንደር እ.ኤ.አ. ከ1825 ጀምሮ ጥቁር የብረት ትሪ ላይ እንዲህ ያለ አበባ ትሥላለች። ሠዓሊዎቹ አስቀድመው በእርሳስ አይነድፉም፤ ትሪውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በአንድ እጅ እያዞሩ በሌላው ይጥሉበታል። ከብሩሹ ጋር ትሪውም ይንቀሳቀሳል። ይህችን ዘዴ ውሰዱ፤ የምትሠሩበት ነገር ትንሽ ከሆነ እጃችሁን ከምታጠማዝዙ ዕቃውን አዙሩት። የብራና መጻሕፍታችንን ሐረግ ዛሬ በእንጨትና በሸራ ላይ ለመጣል የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ፤ የሐረጉ ጥምዝ ሁሉ ከላይነሩ መስመርና ከዚህች ጠብታ ሊወጣ ይችላል። አንድ ገጽ ሙሉ ጠብታ ብቻ ጣሉ። ከዚያ ሌላ ገጽ።

ስንሠራ ጫፉ ይበተናል። እሱን መልሶ ማሾል የሥራው አካል ነው። ልጆች፣ አንዳንዴ ትልልቆችም፣ ይህን የሚያደርጉት በከንፈራቸው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ኦሬንጅ በምትባል ከተማ ወጣት ሴቶች የሰዓት ገጽ ላይ ቁጥር ይቀቡ ነበር። ቀለሙ በጨለማ የሚያበራ ነው፤ ወታደሮች ሌሊት ሰዓት እንዲያነቡበት። ቁጥሮቹ ደቃቅ በመሆናቸው ብሩሹ ሁልጊዜ የሾለ መሆን ነበረበት። ሴቶቹ የተማሩት በከንፈራቸው እንዲያሾሉት ነው፤ ከንፈር፣ ቀለም፣ ቁጥር፣ እንደገና ከንፈር። በቀለሙ ውስጥ የሚያበራው ራዲየም ነበር። ምንም ጉዳት የለውም ተብለዋል። ራዲየም ግን ጠባዩ ከካልሲየም ጋር ስለሚቀራረብ ሰውነት ወስዶ አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ እዚያ ሆኖ አጥንቱን ይበላል። ጥርሳቸው ይወልቅ፣ መንጋጋቸው ይበሰብስ ጀመር። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ሥራውን የጀመረችው ግሬስ ፍራየር ከአራት የሥራ ጓደኞቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1927 ድርጅቱን ከሰሰች። በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር፣ በየዓመቱም 600 ዶላርና የሕክምና ወጪ ተወሰነላቸው። ግሬስ በ1933 ሞተች። የአሜሪካ ሠራተኞች በሥራ ላይ ስለሚደርስ ሕመም ካሳ የመጠየቅ መብታቸው እንዲጠናከር እነዚያ ሴቶች ትልቅ ድርሻ አላቸው።

በዛሬ ቀለሞች ውስጥ ራዲየም የለም። ካድሚየም ያለባቸው ቢጫና ቀይ፣ እርሳስ ያለበት ነጭ ግን አሁንም አሉ። ብሩሽ አፍ አይግባ። መምህራን፣ ወላጆች፣ እባካችሁ ልጆቹን ከመጀመሪያው ቀን አስተምሯቸው፦ ጫፉ የሚሾለው በረጠበ ጨርቅ ላይ ወይም ገበታ ላይ በማንከባለል ነው።

ወደ እጥበቱ እንምጣ። ብሩሽ የሚሞተው ሥዕል ላይ አይደለም፤ ከሥራ በኋላ ነው። ሁለት ነገር ይገድለዋል። አንዱ ብርጭቆ ውስጥ በጫፉ ማቆም ነው። ሻይ ለመጠጣት ተነሥታችሁ እስክትመለሱ ጫፉ ይታጠፋል፤ ውሃውም በቱቦው በኩል ወደ እጀታው ገብቶ እንጨቱን ያሳብጣል፣ ቫርኒሹን ይሰነጥቃል፣ ቱቦውን ያላላል። በየመሐሉ አጥባችሁ አጋድሙት። ሁለተኛው ገዳይ ቱቦው አፍ ላይ የሚደርቅ ቀለም ነው። እዚያ የደረቀ ቀለም ፀጉሮቹን ከሥራቸው እየለያየ ይከፍታቸዋል፤ ጫፉ የማይሾለው ሥሩ ስለተከፈተ ነው። ስለዚህ ስትነክሩ ከፀጉሩ ከግማሽ በላይ አትንከሩ፤ ላይነሩ ብቻ ከዚህ ውጪ ነው፤ እሱን ሥራ ስትጨርሱ ከሌሎቹ አብልጣችሁ እጠቡት።

ስታጥቡ በመጀመሪያ ትርፉን ቀለም በጨርቅ እየሳባችሁ አውጡ። የዘይት ቀለም ከሆነ በአኳራጅ፣ ሽታው የሚያስቸግራችሁ ከሆነም በምግብ ዘይት ደጋግማችሁ አለቅልቁና ጥረጉ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ፣ ለስላሳ በሆነ የገላ ሳሙና። ሙቅ ውሃ ፀጉሩን የያዘውን ሙጫ ያላላል። በረኪናና የልብስ ዱቄት ሳሙና ለእንስሳ ፀጉር ጠላት ናቸው፤ ያደርቁታል፣ ይሰባብሩታል። ሳሙናውን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ብሩሹን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሳቡበት፤ መዳፍ ላይ በጫፉ አትውጉ። በሁለት ጣት ሥሩን ከቱቦው አፍ ጀምራችሁ ወደ ጫፉ ጨመቅ እያደረጋችሁ አውርዱ። ንጹሕ መስሎ ሳለ ከሥሩ ገና ቀለም ሲወጣ ታያላችሁ። አረፋው ነጭ እስኪሆን ድረስ ድገሙት። በመጨረሻ በጣት አሹሉትና አጋድማችሁ አድርቁት። እርጥቡን ወደ ላይ አታቁሙት፤ ውሃው ወደ ቱቦው ይወርዳል። ከደረቀ በኋላ ግን ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ማሰሮ ውስጥ ማቆም ይቻላል።

የሰሌዳ ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበት አንድ ዘዴ አለ። በዘይት ቀለም የሚሠሩበትን ለስላሳ ብሩሽ በአኳራጅ ካጠቡ በኋላ ቀጭን ዘይት ወይም ቫዝሊን ቀብተው፣ አሹለው፣ አጋድመው ያስቀምጡታል። ፀጉሩ አይደርቅም፤ ተርፎ የነበረ ቀለምም አይጠነክርም። ሥራ ሲጀምሩ በአኳራጅ አጥበው ያወጡታል። ለውሃ ቀለምና ለአክሪሊክ ብሩሽ ግን ይህ አይሆንም።

ብል የእንስሳ ፀጉር ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ1400 አካባቢ ስለ ሥዕል ሙያ መጽሐፍ የጻፈው ጣሊያናዊው ቼኒኖ ቼኒኒ ለብሩሽ የሚሆን የሽኮኮ ጅራት ብል እንዳይበላው በጭቃ ወይም በጠመኔ ለውሶ ማስቀመጥን ይመክራል። ሲፈለግ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። እኛ ያን ያህል አንደክምም። ብሩሹ በደንብ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ፣ ክዳን ባለው ሣጥን ከአንድ የናፍታሊን ፍሬ ጋር ይቀመጣል። እርጥብ ሆኖ ሣጥን ከገባ ግን ይሻግታል።

ሁሉ ተደርጎም ጫፉ የሄደ ብሩሽ ይኖራል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ጫፉን ብቻ ለጥቂት ሰከንድ ትኩስ ውሃ ውስጥ አግብታችሁ በጣት ቀጥ አድርጉት፤ የተቆለመመው በከፊል ይመለሳል። የእንስሳ ፀጉር ከሆነ በሳሙና አሹሉትና ሳታለቀልቁ ለአንድ ሌሊት ተዉት። ይህም ካልሠራ ለቀለም መደባለቂያ፣ ለሙጫ መቀቢያ፣ የዛፍ ቅጠል በደረቁ ለመደቃደቅ ያገለግላል። እጀታው ላይ በቢላ ምልክት አድርጉበት፤ ከጥሩዎቹ ጋር በአንድ ማሰሮ እንዳይገባ።